ውጭ የሚያድር ውሃ

ባሌ ባሱ ዕቃ ሲመርጥ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ሌላው ሰው አገላብጦ አይቶ፣ አንኳኩቶ፣ ተከራክሮ ይገዛል፤ እሱ ግን ነገሩን መዳፉ ላይ ያስቀምጥና ዓይኑን ከድኖ ዝም ይላል። ገበያ መሀል እንዲህ ተገትሮ ስንቴ አሳፍሮኛል! "ሰውዬሽ ምን ነካው?" ሲሉኝ "ዱዓ እያደረገ ነው" እላቸው ነበር። ምን ዱዓ አለ፤ ክብደት ነው የሚያዳምጠው።

ከልጅነቱ ጀምሮ የበቅሎ ነጂ ነበር። የአገራችንን ትልቅ ተራራ፣ መጎንን፣ ሊወጡ የሚመጡ ፈረንጆችን ጓዝ ጭኖ ያደርሳል፣ ይመልሳል። ከጓዙ ሁሉ የሚከብደው ድንኳኑም ዱቄቱም አልነበረም፤ የታሸገው ውሃ ነው። የእኛን ምንጭ የጠጣ ፈረንጅ ሱሪውን ይዞ ሲሮጥ ስለሚያድር ለእያንዳንዱ ጠርሙስ በጠርሙስ ይጫንለታል። ባሱ "ውሃ ወደሚፈልቅበት አገር ውሃ ጭኜ ስወጣ በቅሎዋ እንኳ ትታዘበኛለች" ይል ነበር። አንድ ቀን ያቺው በቅሎ ጭነቷን እንደያዘች ገደል ገባች። እሱም ሊይዛት ሲል ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲያ እያነከሰ ነው የኖረው። ሥራውም በዚያው ቀረ፤ ያለችንን በግና ፍየል ይዘን መኖር ጀመርን።

ደግሞ ዘመኑም ተለወጠ። በቅሎ የማይፈልጉ ተጓዦች መምጣት ጀመሩ። ትንሽ ቦርሳ ጀርባቸው ላይ ጣል አድርገው እየዘለሉ ይወጣሉ፤ ከቦርሳው ጎን አንድ ነገር ይንጠለጠላል፤ ከየትኛውም ኩሬ ቀድተው በእሱ ጨምቀው ይጠጣሉ። ባሱ መጀመሪያ ያየው ቀን ቆሽቱ አረረ። "እንጀራዬን የዘጋው ይሄ ነው? ይሄ ጣት የምታክለው?" ብሎ ከሰውየው እጅ ቀማው። ከዚያ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ንዴቱ የለም። ከዚያ በኋላማ መንገደኛ ባየ ቁጥር ሻይ ይዞ እያነከሰ ይወርዳል፤ "እስቲ የናንተን አሳዩኝ" ይላል። እኔ የማፈላው ሻይ ሁሉ ለማጣሪያ ጉብኝት አለቀ።

በዚህ መሀል ኢዛ ታመመች። ኢዛ የልጃችን ልጅ ናት። እናቷ ስትወልዳት ሞተች፣ አባቷ ካዛብላንካ የቀን ሥራ ይሠራል፤ ያሳደግናት እኛ ነን። ከተራራው ውሃ የደም ተቅማጥ ይዟት ከተማ ሆስፒታል ወር ሙሉ ተኛች። ሐኪሟ ስታስወጣት ለባሱ እንዲህ አለችው፦ "አባባ፣ የልጅቷ አንጀት ተጎድቷል። አንድ ጊዜ ከደገማት አትችለውም። የምትጠጣውን ውሃ ጠብቁ።" በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ አልሰማሁም። በዚያ ላይ ዝናቡ ጠፋ። ታች ያለው ሣር ስለተቃጠለ መንጋውን ይዘን እላይ መውጣትና ብርዱ እስኪገባ እዚያው በድንኳን መቆየት ግድ ሆነ። ኢዛን የምንተውበት ሰው የለም። እላይ ያለው ውሃ ደግሞ አንድ ምንጭ ብቻ ነው፤ እሱንም ፍየል ሲረግጠው ነው የሚውለው።

አፍልተሽ አታጠጫትም ወይ ትሉኝ ይሆናል። በምን? እዚያ ከፍታ ላይ የሚገኘው እሾህ ለዳቦና ለአንድ ጀበና ሻይ ከበቃ አልሐምዱሊላህ ነው። ልጅቷም ግልገል ስትከተል ነው የምትውለው፤ እየጠማት ጀበና እስኪፈላ አትጠብቅም።

ሐዱ የሚባል ዘመዱም የድሮ የጭነት ጓደኛውም የሆነ ሰው አለ። ታች ከተማ፣ ፈረንጆች ጥለውት የሚሄዱትን ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከፍቷል፤ ፈቃድ ያለው መንገድ መሪም ሆኗል። ምላሱ ምላጭ ነው። ልንወጣ ስንል ሦስታችንም፣ ኢዛን ይዘን፣ ሱቁ ሄድን።

"ሐዱ፣ የውሃ ማጣሪያ አምጣ። ቀላሉን" አለ ባሱ።

"ከአንተ ጭንቅላት የሚቀል የለኝም።"

"እሱማ ተይዟል፤ ሌላ አምጣ።"

ሐዱ እየሳቀ መደርደሪያውን አራግፎ ምንጣፉ ላይ ዘረጋው። መጀመሪያ የብረት እጀታ ያለው ፓምፕ ሰጠው። "ይሄ ውስጡ ሸክላ ነው። ወታደር የሚይዘው ነው፤ የልጅ ልጅህም ይጠጣበታል።" ባሱ ዓይኑን ጨፈነ። "ይሄን የሚሸከም በቅሎ የለኝም" ብሎ መለሰለት። ቀጥሎ እስክሪብቶ የሚመስል መብራት መጣ። ውሃ ውስጥ ነክረህ ስታበራው ተባዩን ይገድላል አለ ሐዱ።

"ውሃው ድፍርስ ቢሆንስ?"

"ያኔ አይሠራም።"

"ባትሪው ቢያልቅስ?"

"ያኔ ጆሮህን ትኮረኩርበታለህ።"

ውሃ የሚያጸዳ እንክብልም ነበረ። አንዷን በብርጭቆ ውሃ አሟሙቶ፣ ብዙ አስጠብቆን ለኢዛ ቢሰጣት ፊቷን አጨማዳ በሐዱ ምንጣፍ ላይ ተፋችው። እኔ ልቆጣ ስል ባሱ "ተያት፣ ልክ ናት፤ የማይጠጣ ውሃ ምን ያደርጋል?" አለኝ።

መጨረሻ ላይ ያቺን ጣት የምታክለውን አወጣ። ከጣት ትንሽ ትወፍራለች፤ ከላይዋ የሚጨመቅ የፕላስቲክ ከረጢት አላት። ውስጧ ከፀጉር የቀጠኑ፣ መሀላቸው ክፍት የሆነ ክሮች ሞልተዋታል፤ ውሃው በግድግዳቸው ሰርጎ ያልፋል፣ አሜባውና ተባዩ ሁሉ ውጭ ይቀራል። ባሱ መዳፉ ላይ አስቀምጦ ረጅም ጊዜ ቆመ። "የለችም እኮ!" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ሐዱ፣ አስቀምጠሃታል ወይስ ታሾፍብኛለህ?"

"ስትዘገይ በንጹህ ውሃ ከመውጫዋ ወደ ኋላ እጠባት። በጋውን ሁሉ ታገለግልሃለች" አለው ሐዱ። በጋውን ነው ያለው። እኔም ሰምቻለሁ፣ ባሱም ሰምቷል፤ ተጓዥ በበጋ እንጂ በሌላ ጊዜ ስለማይመጣ ለማናችንም ምንም አልመሰለንም።

አሁን ስለዚያ ምንጭ ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ከታች ሸለቆ ተድሬ የመጣሁ ነኝና የባሱን ዘመዶች ወግ ሁሉ እንደራሴ አላደርገውም። አሉ አልልም፣ የሉም አልልም። እነሱ ግን ምንጩ የማይታዩ ባለቤቶች አሉት ይላሉ። ቀን ውሃው የሰው ነው፤ ቢስሚላህ ብለህ ትቀዳለህ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ግን ከዚያ ምንጭ የተቀዳ ውሃ ከሰው ጋር አያድርም። እንስራውም፣ የፍየል ቆዳ አቁማዳውም፣ ጀበናውም፣ ጠብታ የያዘ ነገር ሁሉ ከድንኳኑ ውጭ ያለው የጥድ ምሰሶ ላይ አፉ ተከፍቶ ይሰቀላል። ጠዋት የተረፈው የእኛ ነው።

ባሱ ይህን ከእናቱ ብቻ የሰማ አልነበረም። ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ ማታ ጠምቶት አንድ ኩባያ ደብቆ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዞ ተኛ። ጠዋት ዓይኑ ፈጦ ተገኘ፤ አልሞተም፣ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰም። የትም ቢያስቀምጡት ፊቱን ወደ ምንጩ ያዞር ነበር አሉ። ባሱ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ይቀንስ ነበር፤ እኔም አልቀልድበትም ነበር።

ውሻችን ኡስካይ በራሱ ጥላ ላይ የሚጮህ ወሬኛ ነው። ፀሐይ ስትገባ ግን ወደ ምሰሶው በኩል ዞሮ ይተኛል፣ ጆሮውን ያጥፋል፣ ጭራውም መሬቱን ይጠርጋል፤ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ምሰሶው ጋ ማንም የለም። ጠዋት እንስራው ይጎድላል። አንዳንድ ቀን ትንሽ፣ አንዳንድ ቀን ብዙ። ተሰንጥቆ ይሆን ብዬ እንስራውን ቀየርኩ፤ አዲሱም ጎደለ። ቀበሮ ነው ብዬ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ጎደለ። ከዚያ መመርመሬን ተውኩ። አንዳንድ ነገር ሲመረምሩት ይብሳል።

ማጣሪያዋም ውስጧ ውሃ ስለማይጠፋ እሷም ማታ ማታ ምሰሶው ላይ ተሰቀለች። ባሱ በክር አስሮ አፏን ከፍቶ ይሰቅላታል። በጋው እንዲሁ አለፈ። ኢዛ ጠጣች፣ ወፈረች፣ ጉንጯ ቀላ። እኔን የሚያሳቅቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጠዋት ሳወርዳት ምሰሶው ደረቅ፣ ክሩ ደረቅ፣ የማጣሪያዋ አፍ ግን እርጥብ ነው። ሰው አሁን ከከንፈሩ እንዳላቀቃት ነገር። በቀሚሴ ሳልጠርጋት ለልጅቷ አልሰጣትም ነበር።

ብርዱ ገባ፤ ታች ሣሩ ገና ስላላገገመ ግን አልወረድንም። ማጣሪያዋም መዘግየት ጀመረች። ባሱ ወደ ኋላ ያጥባታል፤ ትንሽ ትሻላለች፣ ደግሞ ትዘጋለች። አንድ ጽዋ ለመሙላት ጣቱ እስኪነጣ ይጨምቃል። ኢዛ አጠገቡ ቆማ "አባባ፣ ደረሰ?" ትላለች። "እየመጣ ነው፤ ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው" ይላታል። ማታ ምሰሶው ጋ ሲሰቅላት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ማንን እንደሚለምን አልጠየቅኩትም።

ከዚያ የመጀመሪያው ከባድ ውርጭ ወረደ። ጠዋት መሬቱ ነጭ ሆኗል። ዳቦ ልጋግር እሾህ ስሰብር ባሱ ጮኸ፦ "ቱዳ! ነይ! ነይ እይ!" ሮጥኩ። ማጣሪያዋን ይዞ ትንሽ ጫን ሲያደርጋት ውሃው ቧ ብሎ ይወርዳል። ቀጥ ያለ፣ ጥርት ያለ ውሃ።

"ከፈቱልኝ!" አለ።

"እነማን?"

"እነሱ ናቸዋ! ወደዷት! ስንት ወር ሙሉ ሲጠጡባት ከርመው፣ አሁን ምርቃቱን ሰጡ!"

ሲያለቅስ አየሁት፤ በሠርጋችን ቀንም አላለቀሰም። ጨው የሌለው የገብስ ቂጣ አስጋግሮኝ ምንጩ አፍ ላይ አኖረላቸው፤ ጨው አይወዱም ይባላል። ኢዛ ውሃው ሲፈስ እያየች ትስቃለች፣ ትጠጣለች፣ ትስቃለች። እኔም ቀመስኩት። ጭቃ ጭቃ አለኝ።

"ባሱ፣ ይሄ ነገር ጣዕሙ ተለውጧል።"

"የደፈረሰው ምላስሽ ነው።"

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ሰው የሚለው ሁሉ ከንቱ አይደለም።

ሳምንት ሳይሞላ ኢዛ ሆዷን ያዘች። መጀመሪያ ቁርጠት፣ ከዚያ ተቅማጥ፣ ከዚያ ደም። ያየሁትን ጨርቅ ለባሱ ሳሳየው ግንባሩን በምሰሶው መታ። የቻልኩትን እሾህ አንድጄ ውሃ አፈላሁ፤ ግን በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ ይጥል ነበርና እሾሁ ጭስ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። ባሱ ደግሞ ያቺን ማጣሪያ ይዞ ራስጌዋ ተቀምጧል። "ይሄን ስጫት፤ ይሄ የተመረቀው ነው፣ እነሱ ራሳቸው ያጠሩት ነው" እያለ በጽዋ በጽዋ ያጠጣታል። እሷ ትጠጣለች፣ ይወጣል። ደግሞ ይሞላል። ልጅቷ ቀለለች። አንድ ጊዜ አቀፋትና ዓይኑን ሳይጨፍን ቶሎ አስቀመጣት፤ ክብደቷን መስማት ፈርቶ ነው።

ሐዱ የመጣው በዚህ ጊዜ፣ አንድ ማለዳ ነው። የዓመቱን የመጨረሻ ተጓዦች፣ ባልና ሚስት፣ ይዞ በእግሩ ሊሻገር ነው፤ ቀላል ቦርሳ የያዙ ስለሆኑ በቅሎ የላቸውም። ድንኳናችን ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ኢዛን አየና ዘጋው። ከዚያ ምሰሶው ላይ የተሰቀለችውን ማጣሪያ አየ። አፏ ላይ በረዶ ጋግሮባታል።

"ባሱ፣ ይቺ ውጭ ነው የምታድረው?"

ባሱ በአገጩ ወደ ምንጩ አመለከተው። ሐዱም ዘመዱ ነው፤ ለምን እንደሆነ መንገር አላስፈለገም።

አውርዶ በጉያው አሙቆ በረዶዋን አቀለጣትና ጫፏን አፉ ውስጥ ከቶ ነፋ። ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል እየተንሰፈሰፈ ወጣ። ነገሩ ራሱ የተነፈሰ ነው የመሰለኝ።

"ሞታለች" አለ ሐዱ።

"እንዴት ትሞታለች? ውሃው ከበፊቱ ይልቅ እየፈሰሰ?"

"ለዚህ እኮ ነው የሚፈስሰው! እርጥብ ሆና ደህና ብትሆን ትንፋሽ አታሳልፍም ነበር። ውስጧ ያለው ውሃ በውርጭ ሲረጋ ክሮቹን ሰነጣጠቃቸው። አሁን ማጣሪያ አይደለችም፣ ቧንቧ ናት። ውሃውም ተባዩም ተቃቅፎ ነው የሚያልፈው። ከመቼ ወዲህ ነው?"

"ከመጀመሪያው ውርጭ" አልኩት እኔ። ባሱ መሬቱ ላይ ተቀመጠና እጁን አየው፤ ያጠጣበትን እጁን። 

ሐዱ ከራሱ ቦርሳ የራሱን ማጣሪያ አወጣ፤ የዚያችው ዓይነት፣ ደህና። ተጓዦቹም የተቅማጥ መድኃኒታቸውን ለኢዛ ሰጡን። "ስማኝ ባሱ" አለው ሐዱ፣ እጁን ጨብጦ። "ይቺ በጉያህ ታድራለች። ከገላህ ጋር። አንድ ሌሊት ከረጋች ልጅቷን በእጅህ ቀበርካት ማለት ነው። ልጅቷን በዚህ ብርድ በጀርባ ማውረድ አይቻልም፤ እነዚህን አድርሼ በቅሎ ይዤ እመለሳለሁ።" ሲሄድ ደጋግሞ ወደ ኋላ ዞረ።

ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ባሱ እንስራውን አወጣ፣ ጀበናውን አወጣ። ማጣሪያዋን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ግባና ተኛ" አልኩት።

"ይዣት አልገባም።"

"ልጅቷን ልትገድላት ነው?"

"አልሰቅላትም።"

"አትሰቅላት፣ አታስገባት፤ የት ልታሳድራት ነው ታዲያ? ሰማይ ላይ?"

የሱፍ ካባውን ለበሰ። ማጣሪያዋን ከሸሚዙ ውስጥ ከብብቱ ሥር አስገባ። እያነከሰ ሄዶ ምሰሶውን ተደግፎ ተቀመጠ። "ውሃው ውጭ ያድራል፤ እቃዋም ገላ ላይ ታድራለች። ሁለቱም ተፈጸመ" አለኝ።

ሰደብኩት። የማውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት፤ አያቶቹንም አልማርኩም። "አንተ ግትር በቅሎ! ገደል የገባችው አንተን ለመሸሽ ነው!" አልኩት። ሳቀ። "ቱዳ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ስሸከም ኖሬ የለም እንዴ? ይቺ እኮ ምንም አትከብድም" አለኝ። ያለንን ብርድ ልብስ ከኢዛ ላይ ካለው በቀር ሁሉንም ወስጄ ደረብኩበት።

ጠዋት ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ገባ። ማጣሪያዋ ግን አልረጋችም። ውሃው ቀስ እያለ፣ ጠብ ጠብ እያለ ወረደ፤ ኢዛ ጠጣች፣ አልወጣም። ቀጥሎ ባለው ቀንም ጠጣች፣ አልወጣም። ደሙ ቀነሰ። "አያቴ፣ ዳቦ" አለችኝ፤ ዳቦ ስትለኝ ሮጬ ሊጥ አቦካሁ።

ባሱ ግን ሌላ ነገር ጀመረ። ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጥርሱ እየተንቀጠቀጠ እንዲህ አለኝ፦ "ክፉዎች አይደሉም።"

"እነማን?"

"ይቀመጣሉ። ዝም ብለው ነው የሚቀመጡት። ይጠማቸዋል እንጂ ክፉዎች አይደሉም።"

"ብርዱ ነው ባሱ። ብርድ ሰው ያስቃዣል።"

"እንስራው አለላችሁ እላቸዋለሁ። እንስራውን አይፈልጉም። በጉያዬ ያለውን ነው የሚፈልጉት፤ ሙቅ ውሃ ጠጥተው አያውቁም።" ሻዩን ፉት አለ። "የልጄ ነው አልኳቸው። 'ታዲያ በእሱ ፋንታ ምን ትሰጠናለህ?' አለኝ አንዱ።"

"ምን አልከው?"

ባሱ ኢዛን አየት አደረገና ኩባያውን አስቀምጦ ፍየሎቹን ሊያወጣ ሄደ። በዚያ ማታ "ዛሬ እኔ ልቀመጥ፣ በአላህ ይሁንብህ" ብዬ ካባውን ያዝኩ። "አንቺን አያውቁሽም" ብሎ እጄን አላቀቀው። በረዶው የጀመረው እሱ ከወጣ በኋላ ነው።

ጠዋት ኡስካይ አልጮኸም። ወጣሁ። ባሱ ምሰሶውን ተደግፎ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንዱን ደረቱ ላይ ቆልፎ ተቀምጧል። ጺሙ ነጭ ነው። ነካሁት፤ ድንጋይ ነው። በዙሪያው ያለው በረዶ ግን እንደ ሌላው ቦታ ለስላሳ አልነበረም፤ እንግዶች ተቀምጠው እንዳደሩበት ምንጣፍ ተደልድሎ ተጫጭኗል። ውሻው ከራቅ ያለ ቦታ ተኝቶ ጭራው መሬቱን ይጠርጋል። ጮህኩ፤ ማን ይሰማኛል? "አንተ ግትር! አንተ ልበ ደንጋይ! ለማን ትተኸኝ ነው?" እያልኩ ደረቱን ደበደብኩት።

ከውስጥ ኢዛ ተጣራች፦ "አያቴ፣ ውሃ።"

እጄን ከሸሚዙ ውስጥ ሰደድኩ። ማጣሪያዋን በጣቴ አገኘኋት፤ ልስልስ እንዳለች ናት፣ ውሃዋ ይንቀሳቀሳል፣ አልረጋችም። የተቆለፈው ክንዱ ግን አልለቅ አለኝ። ሳብኩ፣ አልሆነም። መጨረሻ ላይ ጆሮው ሥር ተጠግቼ ለመንኩት፦ "ባሱ፣ ልቀቅ። ለኢዛ ነው።" ወላሂ፣ ያኔ ወጣች።

ሐዱ በቅሎ ይዞ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። ሲያየው ወድቆ አለቀሰ፤ ከዚያ ተነስቶ አየው፣ አንገቱን ዳሰሰው፣ ዓይኑን ከደነለት። ገላው ውስጥ የቀረ ሙቀት አልነበረም፤ ገና ሌሊቱ ሳያልቅ ነው ነፍሱ የወጣችው አለኝ። ኢዛን በብርድ ልብስ ጠቅልለን ፊት አስቀመጥናት፤ ባሱን ከኋላዋ አሰርነው፤ አባባ ተኝቷል አልናት። ዕድሜውን ሙሉ በቅሎ ሲጭን የኖረ ሰው ተጭኖ ወረደ። ከመነሳታችን በፊት ሐዱ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ "ቱዳ፣ ያቺን ዕቃ እዚህ ምሰሶ ላይ ሰቅለሽ ነይ። ለእነሱ ተያት" አለኝ።

"ልጅቷ በመንገድ ምን ትጠጣ? ምራቅህን?"

ሐዱ የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። መንጋውን እየነዳን፣ በረዶ እየረገጥን ወረድን። መንገዱ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መሀል መንገድ ያለችው የእረኞች ድንጋይ ጎጆ ደረስን። በሯ ጠባብ ናት። ባሱ ተቀምጦ ስለደረቀ በበሯ ሊገባ አልቻለም። አጥፈን ልናስገባው ሞከርን፤ ሐዱ "ይቅር፣ አናሰቃየው" አለ። በካባው ጠቅልለን ከደጁ ግድግዳውን አስደግፈን አስቀመጥነው። ኢዛን እጭኔ ላይ፣ ማጣሪያዋን ጉያዬ ውስጥ አድርጌ በሩን ዘጋሁ። ፀሐይ ገባች።

ኡስካይ ውጭ በግ እየቆጠረ ሲጮህ ነበር። ድንገት ዝም አለ። ከበሩ ሥር ጭራው መሬቱን ሲጠርግ ይሰማኛል።

"ቱዳ።"

ሐዱ የያዘው ብርጭቆ እጁ ላይ ቀረ። እሱም ሰምቷል።

"ቱዳ" አለ የባሱ ድምፅ ከደጅ። እጁ በጭነት ተይዞ በር ክፈቺልኝ ሲለኝ የሚጠራኝ አጠራር ነው። "ቱዳ፣ ዕቃዬን መልሺልኝ። ጉያዬ ባዶ ሆነ።"

"ስጫቸው" አለ ሐዱ፣ ድምፁ ሳይወጣ። "ድርሻቸው ነው። ካላገኙ አይሄዱም።"

"ለእነሱ ነው የምሰጠው ወይስ ለእሱ?"

"እኔ ምን አውቄ!" አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ተነስቼ ልከፍት ፈለግኩ። አልዋሻችሁም፤ እግሬ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ሰውዬ ጋር ዕድሜዬን ኖሬ ውሃ ጠይቆኝ አልሰጥህም ብዬው አላውቅም። ባሱ ከኢዛ አፍ የሚነጥቅ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ እሱ አይደለም አልኩ በልቤ። ግን ድምፁ የእሱ ነበር፤ የጥርሱ መንቀጥቀጥም የእሱ ነበር። ደጋግሞ ጠራኝ። ከንፈሬን ነክሼ በሩን በጀርባዬ ደገፍኩት። ብርዱ በሳንቃው አልፎ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ሰው በወዲያኛው በኩል እንደተደገፈ ቅርብ ነበር።

ኢዛ በዚህ መሀል ነቃች። "አያቴ፣ ጠማኝ" አለች። ማጣሪያዋን ከጉያዬ አውጥቼ ቀስ ብዬ ጨመቅኩላት። ጠጣችና በሩን አየች።

"አባባስ ጠጣ?"

"ጠጥቷል" አልኳት። "አንቺ ጠጪ።"